ብር ከፊት ወይስ ከኋላ? የገንዘብ አጻጻፍ ከአራዳ ደረሰኝ እስከ ስልክ ስክሪን

ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች የሚወርድ ሰው ያንኑ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር በአምስት በስድስት ዓይነት ተጽፎ ሊያገኘው ይችላል። የሱቁ መስኮት ላይ በማርከር «1500 ብር» ይላል። ከካሽ ሬጅስተር ማሽኑ የሚወጣው ደረሰኝ ኮከብ አስቀድሞ «*1,500.00» ብሎ ያትመዋል፤ ከፊቱ ሌላ አኃዝ እንዳይቀጠልበት ኮከብ መደርደር የሒሳብ ሰዎች የቆየ ጥንቃቄ ነው። በእጅ የሚሞላው የካርቦን ደረሰኝ ብርንና ሳንቲምን በሁለት ዓምድ ለይቶ በአንዱ 1500፣ በሌላው 00 ያስጽፋል። ውል ጸሐፊው ጋ ሲደርስ «ብር 1,500.00 /አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ከ00/100/» ይሆናል። በእንግሊዝኛ የተከፈተ የባንክ አፕ ላይ ደግሞ «ኢቲቢ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ይቀድሙታል። ቴሌግራም ላይ የሚሸጠው ነጋዴ «1.5ሺ» ብሎ ይገላገላል።

ሰው ይህን ሁሉ ሳይደናገር ያነባል። ኮምፒዩተር ግን ከእነዚህ አንዱን መምረጥ አለበት፤ የሚመርጥለትም ወይ ኮዱን የጻፈው ልጅ ነው፣ ወይ ልጁ ሳያውቀው ብሮውዘሩ ነው። በአዲስ አበባ የሚሠሩ የሽያጭ ዌብሳይቶችና የክፍያ አፖች በበዙ ቁጥር ይህ ምርጫ ገንዘብ የሚያስቆጥር ነገር ሆኗል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ሳትቀር ክፍያዋን በስልክ ትቀበላለች። በ2016 የፒያሳ ብዙ ሰፈር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከቦታቸው ከተነሱት ነጋዴዎች መካከልም ደንበኛን በስልክ ስክሪን መፈለግ ግድ የሆነባቸው አሉ። የዋጋው አጻጻፍ እንግዲህ የሱቁ ታፔላ ሆኖላቸዋል።

አራዳ ለዚህ ዓይነቱ ጣጣ እንግዳ አይደለም። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ከማዛወሩ በፊት የማሪያ ቴሬዛ ብርና የጨው አሞሌ እዚሁ ጎን ለጎን ይመነዘሩ ነበር። ምኒልክ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ፓሪስ ላይ አስቀረጹ፤ የአቢሲንያ ባንክም የካቲት 1898 ዓ.ም. ተከፈተ። ያ ብር በ16 ገርሽ የሚመነዘርበት ጊዜ ነበር። በኋላ መቶኛ መጣ፤ ከሐምሌ 1937 ጀምሮ ደግሞ ሳንቲም። የእንግሊዝኛ ስሙ እስከ 1969 ድረስ «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበር። ይህን የማነሳው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። የአንድ ገንዘብ ስም፣ ምልክትና የሽራፊው ብዛት ሁሉ የሚለዋወጥ መረጃ ስለሆነ ኮድ ውስጥ በድንጋይ ላይ እንደተቀረጸ ነገር የሚቀመጥ አይደለም። ዴቨሎፐሩ ከውጭ ከሚታደስ ሠንጠረዥ ሊያነበው ይገባል።

ሠንጠረዦቹም አሉ። አንዱ ለየአገሩ ገንዘብ ባለ ሦስት ፊደል መለያና የሽራፊ ብዛት የሚሰጠው 4217 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ በዚያ ብራችን ኢቲቢ ሲሆን ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ አለው። ሁለተኛው የዩኒኮድ ድርጅት የሚያሰናዳው፣ ሲኤልዲአር የሚባለው ማኅደር ነው። በየቋንቋውና በየአገሩ ቁጥር፣ ቀንና ገንዘብ እንዴት እንደሚጻፍ የሚዘረዝረው እሱ ነው። ክሮምም አንድሮይድም አይፎንም ከዚሁ ይቀዳሉ። የጃቫስክሪፕቱ «ኢንትል ነምበርፎርማት» 1500ን በአማርኛ ሲጠየቅ «ብር 1,500.00» የሚለው ከዚሁ አንብቦ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ኢቲቢ ብሎ ይጀምራል። በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ሠንጠረዥ የብሩ ምልክት ቢ እና አር የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ናቸው። ብር እንደ ናይጄሪያው ₦ ወይም ሕንድ በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳጸደቀችው ₹ በዩኒኮድ የተመዘገበ የራሱ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ ባለበት ሁሉ በፊደል ይጻፋል።

እዚህ ላይ ነው የርዕሱ ጥያቄ የሚመጣው። ሠንጠረዡ ለአማርኛ ብርን ከፊት አስቀምጧል። የቢሮውና የባንኩ አጻጻፍ ይኸው ስለሆነ ስህተት ነው ልንል አንችልም፤ ውልም፣ ቼክም፣ የደመወዝ መክፈያም ብርን ያስቀድማሉ። አፋችን ግን «ብር አንድ ሺህ» አይልም። የሱቅ ዋጋ፣ የታክሲ ታሪፍ፣ የምግብ ዝርዝር ሁሉ ቁጥሩን አስቀድሞ ብሩን ያስከትላል። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መካከል «ከብር 1,500.00 ጀምሮ» የሚል የሽያጭ ገጽ ሳነብ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያነቡልኝ ይመስለኛል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በዋጋ መለጠፊያና በሚነበብ ጽሑፍ ውስጥ «1,500 ብር»፣ ሳንቲም ከሌለ ዜሮዎቹ ቀርተው፤ በደረሰኝ፣ በሒሳብ መግለጫና በውል ላይ «ብር 1,500.00»፣ ዜሮዎቹ ሳይጎድሉ በዓምድ ተሰልፈው። ያው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ቁጥሩን፣ ኮማውንና ምልክቱን ነጣጥሎ የሚሰጥበት መንገድ ስላለው ይህን ለማድረግ ኮማን በእጅ መሰካት አያስፈልግም። አንድ ጥቃቅን ነገር ግን አይረሳ፦ በቁጥሩና በብር መካከል ያለው ክፍት ቦታ የማይሰበረው ዓይነት ይሁን። አለዚያ ጠባብ ስልክ ላይ 1,500 በአንዱ መስመር ቀርቶ ብር ወደሚቀጥለው ይወርዳል።

የሠንጠረዡ ትልቁ ጉድ ግን በአጭር አጻጻፍ ላይ ነው። «1.5ሺ» የሚለው የቴሌግራም አጻጻፍ በአማርኛው ማኅደርም አለ፤ ለሺህ «ሺ» ተቀምጦለታል። ሚሊዮን ላይ ሲደርስ ምህጻሩ «ሜትር» ተብሎ ቆይቷል። እንግሊዝኛው ሚሊዮንን በአንዲት ፊደል ያሳጥራል፤ ያቺው ፊደል የሜትርም ምህጻር ስለሆነች ተርጓሚው ርዝመት መስሎት ሳይሆን አይቀርም። ውጤቱ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ብር የሚሸጥ መኪና «2.5 ሜትር» ተብሎ መውጣቱ ነው። ለቦታ ሽያጭ ቢሆንማ ገዢው ካሬው ስንት እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ይህ መረጃ በዓለም ዙሪያ ባሉ ስልኮች ላይ የተጫነው አማርኛ የሚያነብ ሰው ደግሞ ስላላየው ብቻ ነው። ስለዚህ በአማርኛ አጭር የገንዘብ አጻጻፍ የሚጠቀም ዴቨሎፐር ሁሉ ከማውጣቱ በፊት አንድ ሚሊዮንን በዓይኑ ይይ።

አሁን ከመልክ ወደ ሒሳብ እንውረድ፤ ወርቅ ቤት እንግባ። ወርቅ በግራም ይመዘናል፤ ሚዛኑም እንደ ገንዘቡ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ያሳያል። ቀለበቱ 3.47 ግራም መዘነ፣ የዕለቱ ዋጋ በግራም 18,250 ብር ነው እንበል። ሲባዛ 63,327.50 ይመጣል። ብዙ ገጾች የመጀመሪያውን ስህተት የሚሠሩት እዚህ ነው፤ ጃቫስክሪፕት ቁጥርን እንዲሁ ሲያትም የመጨረሻውን ዜሮ ስለሚጥል ደንበኛው «63327.5» ያነባል። ኮማ የለም፣ ሳንቲሙ ግማሽ ነው፤ አምስት ሳንቲም ይሁን ሃምሳ ሳንቲም የሚያውቀው አስቦ ነው። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 72,826.625 ይሆናል። ግማሽ ሳንቲም ተንጠልጥላ ቀረች።

ይህችን ግማሽ ሳንቲም ማን ይወስዳታል? የብሮውዘሩ መሣሪያ ግማሽን ወደ ላይ ያነሳልና ለደንበኛው 72,826.63 ያሳያል። በጃቫ የተጻፈው ሰርቨር የቋንቋውን መደበኛ ቁጥር አታሚ ከተጠቀመ ግማሽን የሚያጠጋጋው ወደ ተጋማሽ አኃዝ ነው፤ 72,826.62 ብሎ ይመዘግባል። ፓይተንም በራሱ ማጠጋጊያ እንዲሁ ያደርጋል። ደንበኛው ያየው ዋጋና የተከፈለው ሒሳብ በአንድ ሳንቲም ተለያዩ። በገበያ ላይ አንድ ሳንቲም ጎንበስ ብሎ የሚያነሳት ሰው የለም፤ ስሙኒና ሽልንግ እንኳ ከእጅ ጠፍተዋል። የሒሳብ ማስታረቂያ ፕሮግራም ግን ጨካኝ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ክፍያውን «ያልተረጋገጠ» ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ሒሳብ ሠራተኛዋም ማታ አምሽታ የአንድ ሳንቲም ሌባ ትፈልጋለች። መፍትሔው የታወቀ ነው። ገንዘብን ነጥብ ባለው ቁጥር ሳይሆን በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር ማስቀመጥ፣ የማጠጋጋቱን ሕግ አንድ ቦታ ብቻ መወሰን፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ፣ ብሮውዘሩ የተወሰነውን እንዲያሳይ ብቻ ማድረግ። ኮምፒዩተሮች ነጥብ ያለውን ቁጥር በሁለት መደብ ስለሚይዙት 0.1 ሲደመር 0.2 በጃቫስክሪፕት 0.30000000000000004 እንደሚሰጥ የዘርፉ ተማሪ ሁሉ ሰምቷል፤ ሰምቶም ደመወዝ ሲሠራ ይረሳዋል።

ወደ ሳጥን የሚጻፈው ቁጥር የራሱ ጣጣ አለው፤ በአገራችን ሁኔታ ደግሞ ይብሳል። ስልኩን በአማርኛ ኪቦርድ የከፈተ ሰው ኮማ ሲነካ የሚወጣለት ነጠላ ሰረዝ ነው። «1፣500» ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የላቲኑን ኮማ ብቻ ስለሆነ ወይ «ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ» እያለ ያንገላታዋል፣ ወይ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቆርጦ አንድ ብር አድርጎ ይቀበላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነው። የአማርኛ ተጠቃሚ አለኝ የሚል ገጽ የእኛን ነጠላ ሰረዝ እንደ ኮማ፣ አራት ነጥብን እንደ ነጥብ አድርጎ ሊቀበል ይገባል፤ ከዚያም የተረዳውን መጠን መልሶ አጣርቶ፣ ከተቻለ በፊደልም ጭምር «አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር» ብሎ ከመክፈያው ቁልፍ በላይ ያሳይ። ውል ጸሐፊዎቻችን አኃዙን በፊደል የሚደግሙት በከንቱ አይደለም። ይህ ልማድ ከወረቀት ወደ ስክሪን ሳይሻገር የቀረበት ምክንያት አይገባኝም።

ውጭ አገር ያለው ወገናችን ሲጨመር ነገሩ ይወሳሰባል። ስቶክሆልም የሚኖር ሰው የሚያየው ዋጋ «1 500,00» ነው፤ ሺውን በክፍት ቦታ ይለያል፣ ሽራፊውን በኮማ። ገንዘብ ለመላክ ሳጥኑ ውስጥ «1500,50» ብሎ ይጽፋል። ኮማን የሺህ መለያ ነው ብሎ የሚያጠፋ ፕሮግራም ይህን 150050 ያደርገዋል፤ መቶ እጥፍ። ጀርመን ያለው ደግሞ ሺውን የሚለየው በነጥብ ነው። ኮድ ጸሐፊው የሎኬሉን፣ ማለትም የቋንቋና የአገር መለያውን፣ ስም ሳይጠቅስ «እንደ አካባቢው አሳየው» የሚል ትእዛዝ ከተጠቀመ፣ ፍራንክፈርት ያለው ልጅ ስልኩ ላይ «ኢቲቢ 1.500» ያያል፤ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ፒያሳ ለምትኖር እናቱ ሲልክላት እሷ አንድ ብር ከሃምሳ ትላለች። ያው ገጽ፣ ያው ኮድ።

ኩዌት ያሉ እህቶቻችንን የሚመለከተው የባሰ ነው። የኩዌት ዲናር በመቶ ሳይሆን በ1,000 ፊልስ ይመነዘራል፤ ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ አለው። «12.500 ዲናር» ማለት አሥራ ሁለት ዲናር ተኩል ነው፤ በእኛ ዓይን ግን አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ይመስላል። የጎረቤታችን የጅቡቲ ፍራንክ ደግሞ ምንም ሽራፊ የለውም። ስትራይፕን የመሰሉ የክፍያ ድርጅቶች መጠኑን በትንሹ ምንዛሪ ስለሚቀበሉ ብርና ዶላርን በመቶ አባዝቶ መላክ የለመደ ፕሮግራም የጅቡቲን 5,000 ፍራንክ ሳያስበው 500,000 አድርጎ ይልከዋል። የኩዌቱን ደግሞ በአሥር እጥፍ ያሳንሳል። መቶን በኮድ ውስጥ የሚጽፍ እጅ ይቆረጥ አልልም፤ ከ4217 ሠንጠረዥ ግን ይጠይቅ።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ፣ በብዙ የአገር ውስጥ ገጾች ላይም የሚታይ ጥፋት ቋንቋን ከገንዘብ ጋር ማሰር ነው። ተጠቃሚው ቋንቋውን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲለውጥ «1,500 ብር» የነበረው «$1,500» ይሆናል። ቁጥሩ አልተመነዘረም፤ ምልክቱ ብቻ ተቀየረ። ትግርኛ በኢትዮጵያም በኤርትራም ይነገራል፣ አፋን ኦሮሞ በኬንያም አለ፤ ከቋንቋው ብቻ ተነስቶ ናቅፋ ይሁን ሽልንግ ይሁን ብር መገመት አይቻልም። የገንዘቡ ዓይነት ከመጠኑ ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት። ቋንቋው የሚወስነው እንዴት እንደሚነበብ ብቻ ነው። ብሮውዘሩም የተጠየቀውን ቋንቋ ካላወቀው ስህተት ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ወደ ራሱ ነባር ቋንቋ ይመለሳል። ስለዚህ በአፋን ኦሮሞ እሠራለሁ የሚል ገጽ ተጠቃሚው ስልክ ላይ በእንግሊዝኛ ልማድ ሊወጣ ይችላል። ቋንቋው ይደገፍ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፤ አንድ መስመር ኮድ ነው።

የግዕዝ ቁጥርስ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. የተቀረጹት ሳንቲሞቻችን ዓመታቸውን ፲፱፻፷፱ ብለው ይዘዋል፤ ዩኒኮድም ቁጥሮቹን ይዟቸዋል፤ የዌብ ገጽ ዝርዝርን በግዕዝ ቁጥር መደርደርም ይቻላል። ለገንዘብ ግን አይመችም። ከላይ ያሰላነው ቀለበት በግዕዝ ፯፼፳፰፻፳፮ ብር ይሆናል፤ መልኩ ያምራል። አኃዙ የሚጠቃለለው በመቶና በእልፍ ስለሆነ የሺህ ኮማ ቦታ የለውም፣ ዜሮም ነጥብም ስለሌለው ስልሳ ሦስቱን ሳንቲም የምናስገባበት የለም፣ ዓምድ ተሰልፎም አይደመርም። የጃቫስክሪፕቱ መሣሪያም አይሠራበትም፤ አኃዝን በአኃዝ ቦታ የሚተኩ ቁጥሮችን ብቻ ነው የሚያውቀው። ለግብዣ ካርድ፣ ለመጽሐፍ ምዕራፍ ይሁን። ለደረሰኝ አይሁን።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ተሻገረ፤ ከዚያም መቶን አለፈ። ለገጽ ሠሪው ይህ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ ቁጥሮች ረዘሙ፤ አምስት አኃዝ ብቻ እንዲይዝ የተሠራ የዋጋ ሳጥን ዛሬ መጨረሻውን ይቆርጣል፣ የተቆረጠ ዋጋ ደግሞ ውሸት ነው። ሁለተኛ በዶላርና በብር ጎን ለጎን የሚታይ ዋጋ ምንዛሪው የስንት ሰዓትና የየትኛው ባንክ እንደሆነ ካልጻፈ ከነሳንቲሙ ተጣርቶ ቢታተምም ትርጉም የለውም። ሁለት አኃዝ ከነጥብ በኋላ መጻፉ የሌለውን እርግጠኝነት ያስመስላል፤ ግምት ከሆነ «ወደ 30,000 ብር ገደማ» ማለት ይቻላል።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚያስቆጨው መሣሪያው በነጻ እያለ ብዙ ዴቨሎፐሮቻችን ኢቲቢን በእጅ ከፊት ለጥፈው፣ ነጥብና ኮማውን በራሳቸው ቆራርጠው መጻፋቸው ነው። የአማርኛው ሠንጠረዥ ጉድለት ስላለበት የተሸሸ ይመስላል፤ ግን ሁሉም በየቤቱ ሲጠግነው አንዱም አይጠገንም። የዩኒኮዱ ማኅደር በየጊዜው ለእርማት ይከፈታል፤ አስተያየት ለማስገባት የሚያስፈልገው ምዝገባና ትዕግሥት ነው። ስለዚህ ባንኮቻችን፣ የክፍያ ድርጅቶቻችንና የዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍሎች አንድ አንድ ሰው መድበው የአማርኛውን፣ የአፋን ኦሮሞውን፣ የትግርኛውንና የሶማሊኛውን ገጽ መስመር በመስመር ያንብቡ፤ ብሔራዊ ባንክም ብር በስክሪን ላይ እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ገጽ መመሪያ ያውጣ። መጀመሪያ የሚታረመው ያ «ሜትር» ይሁን።